ኦልጅራ በቁሙ የተለቀሰለት ዕለት

ኦልጅራ ኩማ ሰው ማሳቅ የጀመረው ከዱላ ለማምለጥ ነው። አባቱ ኩማ አብነት ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ነበረው፤ ባልዲ፣ አሸንዳና የከሰል ምድጃ እየሠራ ነው ቤተሰቡን ያኖረው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የዋለ እጅ ልጅ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። አንድ ቀን ልጁ አዲስ ቆርቆሮ ቆርጦ መጫወቻ ጋሪ ሲሠራበት ደረሰበትና ቀበቶውን ይፈታ ጀመር። ኦልጅራ መሸሹን ትቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። እሱም የሌለውን ቀበቶ ይፈታ ጀመር፤ ሆዱን ነፍቶ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ በአባቱ ወፍራም ድምፅ፣ "ዛሬ ከዚህ ቤት ወይ አንተ ትወጣለህ ወይ እኔ!" አለ። ኩማ እጁን እንደሰቀለ ቀረ። ለአፍታ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሲስቅ ቀበቶ የሌለው ሱሪው ቁልቁል ወረደ፣ እናትየዋ ወርቄም ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች።

የልጁ ልብ ሱሪው ላይ አልነበረም። ልቡ የቀረው ከሳቁ በፊት በነበረችው ጸጥታ ላይ ነው። አባቱ ይምታው ወይ ይሳቅ ገና ያልታወቀባት ያች ቅጽበት አስፈርታዋለች፣ ጥማዋለችም። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን በሙሉ የኖረው እሷን ሲፈልግ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጎልምሶ የአባቱን መዶሻ ሲረከብ የሠርግ ቤት ኮሚክም ሆኖ ነበር። በልደታና በአብነት ድንኳን ተጥሎ ኦልጅራ ካልመጣ ሚዜ የጎደለ ይመስል ነበር። አመጣጡ እንደ ሌሎቹ በጩኸት አይደለም። መሐል ላይ ይቆምና ዝም ይላል። አንድ ፊት መርጦ ያያል። ያ የታየው ሰው መጀመሪያ ይኮራል፣ ቀጥሎ ያፍራል፣ ቀጥሎ ልብሱን ይነካካል፤ የድንኳኑ ሰው ገና ምንም ሳይባል በሳቅ መታመስ ይጀምራል። እሱ ራሱ ግን ፈገግ አይልም። ሰው ሁሉ ሲፈርስ እሱ እዳ የመጣበት ሰው ይመስላል።

የመጀመሪያውን ሳቅ የሚለቅለት ፈቃደ ነበር። ፈቃደ የወይዘሮ ወለተሰንበት ልጅ ነው፤ ከኦልጅራ ጋር ግቢ ለግቢ አድገዋል፣ አንድ ክፍል ተምረዋል። ቁመቱ መቃን የሚነካ ረጅም ልጅ ነው፤ ሳቁም እንደ ቁመቱ ነው፣ ከበር ማዶ ይሰማል። ኦልጅራ የትም ሲሄድ ፈቃደ ፊት ለፊት ይቀመጥለታል፤ የእሱ ሳቅ ሊጥ ውስጥ እንደገባ እርሾ የሌላውን ሁሉ ያስነሳዋል። ለኦልጅራ ከሙገሳ ሁሉ የሚበልጥበት ያ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ሠርጉ ቀዘቀዘ፣ ድንኳን መጣልም ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። ቀበሌው ኦልጅራን ኪነት ቡድን ውስጥ አስገባው፤ በዘፈንና በመፈክር መሐል ወጥቶ አጭር ጨዋታ እንዲያሳይ። አሳየም። አንድ ቀን ግን ጸጥታ አማረውና መድረክ ላይ የቀበሌውን ሊቀ መንበር የጓድ ገረሱን አቋቋም ይዞ ቆመ፤ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ፣ አንድ እጅ ሰማይ ላይ። "በአጭሩ፣ ጓዶች" አለ፤ አለና ቀጠለ፣ ቀጠለና ቀጠለ፤ ገረሱ በአጭሩ ብሎ ጀምሮ ሳይመሽ እንደማይጨርስ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ሰዉ አግዳሚ ላይ ተደራርቦ ሳቀ። በማግስቱ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ከቆርቆሮ ቤቱ ወሰዱት።

የቀበሌው እስር ቤት ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰ ቪላ ነበር። ገረሱ የቪላው ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሽጉጡን ጎኑ አኑሮ ጠየቀው።

"እኔ አስቃለሁ?"

"አያስቁም፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"ታዲያ ሰው ለምን ሳቀ?"

ኦልጅራ መሬት መሬቱን አየ። ገረሱ ለረጅም ጊዜ አየውና፣ "ሁለተኛ በእኔ እግር ስትሄድ ባይህ የምትሄድበት እግር አይኖርህም" ብሎ ለቀቀው። ወርቄ ልጇን በር ላይ ስታገኘው ከጸጉሩ እስከ ጥፍሩ ዳበሰችው። ከእሱ በፊት የወለደቻቸውን ሁለቱን ቀብራለች፤ ይህ ሲያስነጥሰው እንኳ ትደነግጣለች።

እንዲህ እያለ ሰባ ዓመተ ምሕረት ገባ። ያን ጊዜ ያየ ሰው ብዙ ማብራራት አያሻውም። አሰሳ መጣና ፈቃደን፣ ወረቀት በትነሃል ብለው፣ ከነታናሽ እህቱ ከየሻረግ ወሰዷቸው። እሷን ቪላው ውስጥ ዘጉባት። እሱን ወዴት እንዳደረጉት ሳይታወቅ ቆየና ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ሬሳው ከሌሎች ጋር መንገድ ዳር ታየ። ዘመድ ሳይጠጋው በመኪና ተጭኖ ሄደ። የዚያኑ ዕለት ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች የወይዘሮ ወለተሰንበትን በር አንኳኩ።

"ከዚህ ቤት ለቅሶ ከተሰማ ሴቷንም አትፈልጓትም ማለት ነው" አሏት። ሌላ አልጨመሩም።

ወለተሰንበት አላለቀሰችም። በሯን ዘግታ ተቀመጠች። ከበሩ ፊት ለፊት ሳኒ የሚባል አብዮት ጥበቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቁሞ ይውላል። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲገባ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ ስለ ውሃ ያወራል፣ ይወጣል። እህል ከአፏ ጠፋ። ከቀናት በኋላ ድምጿም ጠፋ፤ ሰው ሲያናግራት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ምንም አይወጣም። ደረቷን በአንድ እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ትውላለች፤ ለቀቅ ካደረገችው የሚያመልጣት ነገር ያለ ይመስል።

አቶ ዓባይነህ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ የመጡት ገና ባለፈ በማግስቱ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያረጁ፣ የሰፈሩ የልደታ ማርያም ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናቸው። ጡረታ ወጥተውም ክራቫት አይፈቱም። ኦልጅራ በርጩማ አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ኦልጅራ፣ ጥር ልደታ ነገ ናት።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ጽዋውን ለመቀበል ተራው የወለተሰንበት ነው።"

"ታሳልፈው እንጂ! ማን ይቀየማታል ጋሼ?"

"አይታለፍም። ቀበሌ ሄጄ አስፈቅጃለሁ። ምን አለ ማኅበሩ ላይ ሲሉኝ ጠላ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ኦልጅራም ያጫውተናል ብያቸዋለሁ።"

ኦልጅራ ሽማግሌው ነገር የዞረባቸው መሰለው። መዶሻውን አስቀመጠ።

"ልጇ አፈር በቅጡ ሳይለብስ እኔ ሄጄ ላሳቃት ነው፣ ጋሼ?"

"እሷን ማን አለህ? የምታስቀው እኛን ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኛ ቤቱ እስኪናጋ እንስቃለን፤ እሷ በመሐላችን ታለቅሳለች። ሰው በሳቅ እንባው ይወርድ የለም? ድምፁንስ ቢሆን ማን ይለየዋል? ያች ሴት ካላለቀሰች ትሞታለች፣ ልጄ። እኔ ለቅሶ የተከለከለ ሰው ሲሞት አይቻለሁ።"

"ቢነቃብንስ?"

"ቢነቃብን የሻረግ ናት የምትሄደው" አሉት፣ ሳይሸፋፍኑ።

ኦልጅራ እንቢ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ለምን ይዋሻል። ያን ቪላ ያውቀዋል። ደግሞም ፈቃደን እሱም አላለቀሰውም፤ ሙያው ማሳቅ የሆነ ሰው የት ሄዶ ያለቅሳል? ቢሆንም አንገቱን ነቀነቀ፤ ሽማግሌው ክራቫታቸውን አስተካክለው ወጡ። ብቻውን ሲቀር ነው ችግሩ የገባው። የእሱ ጨዋታ የሚኖረው በዝምታ ነው። ያቺ ቤት ውስጥ ግን ዝምታ ከመጣ የሴትዮዋ ለቅሶ ብቻውን አደባባይ ይወጣል። ሕይወቱን ሙሉ የሠራበትን ዘዴ በር ላይ ጥሎ መግባት ነበረበት።

በልደታ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ጽዋውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ይጠብቀኛል ብለው ወጡ። ቤቱ ሞልቷል። ወለተሰንበት ከግድግዳው ጥግ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። አጠገቧ የማኅበሩ ትልቅ እናት እማማ ኮከቤ አሉ። በሩ ክፍት ነው፤ የተዘጋ በር ጥርጣሬ ይጠራል። ከበሩ ማዶ የሳኒ ጠመንጃ አፈሙዝ ይታያል።

ኦልጅራ ገባና እግሩ መሬት ሳይረግጥ ጀመረ። ማኅበር ላይ ጠላ በቃኝ የሚለውን ሰው አመጣ። ሰውየው በቃኝ፣ በማርያም በቃኝ እያለ ብርጭቆውን በመዳፉ ይከድናል፤ ጣቶቹን ግን አንድ በአንድ ይፈለቅቃቸዋል፣ ጠላው በመሐላቸው እንዲገባ። ቤቱ ሳቀ። መጀመሪያ የሳቁት እየፈሩ፣ እየተያዩ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጥርሳቸውን በማሳየታቸው እያፈሩ ነው። አቶ ዓባይነህ ጭናቸውን እየመቱ ከልክ በላይ ጮኹ። ኦልጅራ ፋታ አልሰጠም። ለገና በግ ገዝቶ በትንሿ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የተሳፈረውን ሰው ቀጠለ፤ በጉ ወንበር ይዞ ሰውየው እግር ሥር ተቀምጧል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጌታዬ ጠጋ ይበሉልን የሚለው በጉን ነው። አሁን ሳቁ እውነተኛ ሆነ። ሰው ሳምንታት ሙሉ አፍኖት የኖረው ነገር ስለነበር ሲወጣ አላቆም አለ።

ያኔ ከጥጉ የወለተሰንበትን ድምፅ ሰማ። ከሳቁ ሥር ነው የመጣው፤ ቀጭን፣ የተሰበረ፣ ረጅም። ነጠላዋ ውስጥ ተጎንብሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከውጭ ለሚያይ በሳቅ የፈረሰች ሴት ናት። ሳቁ ዝቅ ሲል ድምጿ ብቅ ይላል፤ ኦልጅራ ሌላ ይወረውራል፣ ሳቁ ተነስቶ ይከድናታል። ላብ ከጀርባው ይወርዳል። ቀልድ እንዲህ ከብዶት አያውቅም። ሳኒ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ጠመንጃውን ተደግፎ ይስቃል።

ሳኒ ድንገት ቀጥ አለ። ከኋላው ጓድ ገረሱ ገባ።

"ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አለ፣ ማንም ሳይነሳ። ወንበር ተለቀቀለት፤ ወለተሰንበትን ፊት ለፊት የሚያይበት ቦታ ላይ ነው። "ሳቃችሁ ቀበሌ ድረስ ይሰማል። ደስታችሁ ምንድን ነው ብዬ መጣሁ።"

ገረሱ ሴትዮዋን አያት።

"እናትየዋ፣ ዓይንዎ ቀልቷል።"

ወለተሰንበት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ይወጣት ይሆን ብለው ሁሉም ትንፋሻቸውን ያዙ።

"ይሄ... ይሄ ጉደኛ ነው ያስለቀሰኝ፣ ልጄ" አለች፣ ወደ ኦልጅራ እየጠቆመች። ድምጿ ከጠፋ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ዓባይነህ ቶሎ ብለው ሳቁ።

"ቀጥል" አለው ገረሱ ኦልጅራን። "እኔም ላልቅስ።"

ኦልጅራ የልደታ ፍርድ ቤቱን ምስክር አመጣ፤ ዳኛው ምን አየህ ሲሉት ከተወለደበት ቀን የሚጀምረውን፣ እናቱ ምጥ የያዛት በየትኛው ሰዓት እንደሆነ የሚያስመዘግበውን። ሰዉ ሳቀ፤ ግን አሁን የሚስቀው አንድ ዓይኑን ገረሱ ላይ አድርጎ ነው። ገረሱ አልሳቀም። አብዮተኛ ጥርሱን አያሳይም የሚል ነገር ሳይኖርበት አይቀርም። ሳቁ እየሳሳ ሄደ፤ ከሥሩ ያለው ድምፅም እየተሰማ። ወለተሰንበት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ዓባይነህ ነገሩ ሳይበላሽ ማኅበሩን መበተን ይሻላል ብለው ተነሱ። "እንግዲህ ልደታ ታክብርልን፣ ለከርሞ በሰላም ታድርሰን" አሉ፤ ሰውም ነጠላውን እያስተካከለ ቆመ። ትንሽ ነበር የቀራቸው።

እማማ ኮከቤ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ለቅሶ የደረሱ ሴት ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቤት ሲወጡ ምላሳቸው የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው ወለተሰንበትን ሳሙና፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ "እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እጃቸው አፋቸውን ያዘ። ግን አንዴ አምልጧል። ሰው የሚለብሰውን ነጠላ እንደያዘ፣ ጫማውን የሚፈልገው እንዳጎነበሰ ቀረ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ ገረሱ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። እጁ ወደ ወገቡ ሄዷል።

ኦልጅራ በዕድሜው የወደዳት ጸጥታ ይህች አልነበረችም። የሻረግን አሰባት፤ ቪላው ከዚህ ቤት ሁለት አጥር ብቻ ነው የሚርቀው። ምን እንደሚል ሳያውቅ አፉን ከፈተ።

"እኔ ነኛ!" አለ ተቆጥቶ። "አይ እማማ ኮከቤ! አበላሹብኝ! ገና ሳልሞት ያጽናናሉ?"

ገረሱ ወደ እሱ ዞረ።

"የመጨረሻው ጨዋታ እኮ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለ ኦልጅራ፣ እጁን እያወናጨፈ። "እኔ እሞታለሁ፣ እነሱ ያለቅሱልኛል። ስንት ቀን አስጠናኋቸው! እሳቸው ደግሞ ሬሳው ቆሞ እያወራ ማጽናናት ጀመሩ! እንዲህ አይነት አልቃሽ ይዞ ማን ይሞታል?"

የሳኒ ሳቅ ከበሩ ፈነዳ። ገረሱ አፉ ዳር ላይ የሆነች ነገር ተንቀሳቀሰች።

"ሙት እንግዲህ" አለ። "ስትሞት እንየው።"

ኦልጅራ መሐል ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ዓባይነህ ጋቢያቸውን አለበሱት። ከጋቢው ሥር፣ "አልቅሱልኝ እንጂ! በነጻ ነው እንዴ የሞትኩት?" ሲል ሌላ ሳቅ ተነሳ። ከዚያ ዝም አለ፤ ሬሳ አይናገርም። አንዲት ሴት ጀመረች፣ ሌላዋ ተከተለች። ቀጥሎ አንድ ነገር ከጥጉ ተነስቶ መጥቶ ደረቱ ላይ ወደቀ።

"ልጄን! ወይኔ ልጄን!"

ወለተሰንበት ናት። ደረቷን ይዛ የኖረችበትን እጇን ለቃዋለች። ኦልጅራ በዕድሜው የሰማው ለቅሶ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። ጋቢው ሥር ጨለማ ነው፤ እሱ የሚጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን እንዳትጠራ። ፈቃደ ካለች ሁሉ ነገር አበቃ።

"ዛፍ የሚያክለው ልጄ! በር ላይ ጎንበስ ሳይል የማይገባው ልጄ!"

"ይሄ ነው ዛፍ?" አለ የገረሱ ድምፅ። ኦልጅራ አጭር ነው፤ ጋቢው ግማሹ ትርፍ ነው። ገረሱ አሁን ሳቀ፤ ከሆዱ፣ እየሳለ፣ እየተንፈራፈረ። "አልቃሽ ስታጋንን አይጣል! ወይ ሴቶች!"

"ሳቁ ከመንገድ የሚሰማው ልጄ! ማን ይስቅልኝ! ማን ይስቅልኝ ከእንግዲህ! ፈ..."

ቆመች። ኦልጅራ ጥርሱን ነከሰ። ጣቶቿ በጋቢው ላይ ፊቱን ፈለጉት፣ ዳበሱት፤ የማን ፊት እንደሆነ አወቁት።

"ኦልጅራዬ!" አለች። "ወይኔ ኦልጅራዬ!"

ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ኦልጅራዬ እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሁሉም በልቡ የራሱን ሙት ይጠራል፤ ያን ክረምትና በጋ በዚያ ሰፈር ያልተለቀሰለት ሙት የሌለው ቤት ጥቂት ነበር። ጋቢው ሥርም ኦልጅራ አለቀሰ፤ ለፈቃደ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሬሳ እንዳይንቀሳቀስ ትከሻውን ይዞ።

ለቅሶ ግን አጥር አያግደውም። የኦልጅራ ስም በእንዲያ ያለ ዋይታ ሲጠራ የሰማ ሰው ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሮጠ። ወርቄ በባዶ እግሯ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ሰዉን ገፍታ ገባች። ወለሉ ላይ ጋቢ ለብሶ የተጋደመውን አየች። የጮኸችው ጩኸት ገረሱን ራሱን ከወንበሩ አስነሳው።

ኦልጅራ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። "እማዬ! አለሁ! ጨዋታ ነው!"

ወርቄ ቆማ አየችው። ከዚያ መላ ሰውነቷን ሰጥታ በጥፊ መታችው። ገረሱ በሳቅ ግድግዳውን ያዘ። "በቁምህ ታስለቅሳለህ?" አለች። "ሁለቱን የወሰደብኝ አይበቃውም? ሟርተኛ! ተነስ! ተነስ ከዚህ!" ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ስትጎትተው ዓይኗ ወለተሰንበት ላይ አረፈ። ያች ሴት በጉልበቷ እንደተንበረከከች፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ ፊቷ እንባ ብቻ ሆኖ ወደ ላይ ታያታለች። ወርቄ ወደ ሴትዮዋ አየች፤ ወደ ሊቀ መንበሩ አየች፤ እንደገና ወደ ሴትዮዋ።

የልጇን ክንድ ለቀቀችው።

"ተኛ" አለችው።

"እማዬ..."

"ተኛ አልኩህ።"

ኦልጅራ ተኛ። ጋቢውን እናቱ ናት በገዛ እጇ ፊቱ ላይ የሳበችው። ከዚያ ወለተሰንበት ጎን ተንበርክካ፣ አንገቷን አቅፋ፣ በሕይወት ባለ ልጇ ስም ሙሾ ታወርድ ጀመር።

ጓድ ገረሱ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ወጣ። "ይህችን አዳራሽ ታቀርባታለህ!" አለው በሩ ላይ። አላቀረባትም። በኋላ ለምን ብሎ ሲጠይቀው፣ "ሁለቴ የሚቀብረኝ እድር አጣሁ፣ ጓድ" አለው፣ ገረሱም ሳቀና ተወው። ያን ቀን የሳቀ ሰው ከዚያ ወዲያ ኦልጅራ ሲመጣ ጥርሱን መደበቅ አቃተው። ወለተሰንበት በማግስቱ ገንፎ ቀመሰች፤ ደካማም ብትሆን ድምጿ ተመለሰ። ኦልጅራ ኪነቱንም ጨዋታውንም ሠራ፤ ቀን ቀን ቆርቆሮውን ቀጠቀጠ። ሌሎች ቤቶችም ማኅበር አለብን እያሉ በጓሮ ይጠሩት ጀመር። ይሄዳል፣ ያስቃቸዋል፣ በሳቁ ሥር ያለቅሳሉ። ያች ቤት ውስጥ እንደተኛው ግን ዳግም ተኝቶ አያውቅም።

የሻረግ የተፈታችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከቪላው ከወጡ ጥቂት ሰዎች ጋር፣ አንድ ጠዋት፣ ያለ ምንም ማብራሪያ። ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ ከፀሐይዋ ዓይኗን እየከለለች ወደ ቤቷ ስትሄድ በቆርቆሮ ቤቱ በኩል አለፈች። ኦልጅራ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። የጥላዋን መቆም አይቶ ቀና አለ።

ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ። "ኦልጅራ?" አለች። ሮጣ መጥታ ሁለት ትከሻውን ያዘች፣ ጉንጩን ነካች፣ ወዘወዘችው። መዶሻው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ።

"አለህ! አለህ እንዴ! እኔ እኮ ሰምቼ... ሲያለቅሱልህ ሰምቼ ነበር! ቪላው መስኮት ሥር ቆሜ እማዬ ስምህን ስትጠራ ሰማሁ። ስንት ቀን አለቀስኩልህ!" ትስቅ ጀመር። ከዚያ ቪላ እንዲህ ያለ ሳቅ ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል፤ ሙሉ ነው፣ ጥርሷ ሁሉ ታየ፣ የወንድሟን ሳቅ ይመስላል። በሥራው ዘመን ኦልጅራ ያገኘው ትልቁ ሳቅ እሱ ነው፤ ቆሞ ከመታየት በቀር ምንም አላደረገም።

አብሯት መሳቅ ነበረበት። አልቻለም። እሷ ፊቱን አየችው። ሳቋ ቀስ እያለ ከዓይኗ ጀምሮ ወረደ፣ እጆቿ ከትከሻው ላይ ላሉ።

"አንተ ካልሞትክ" አለች፣ "እማዬ ታዲያ የምታለቅሰው ለማን ነበር?"